በሸንጎ ውስጥ የሰውን ጠባይ አመዛዝኖ ስለ መምራት

የጥንት ሊቃውንት ሰው ከአራት ባሕርያት፣ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃና ከመሬት ተዋቅሯል ይላሉ። ይህን ትምህርት ለጠባይ ምሳሌ አድርጎ የሚወስድ ሹም በሸንጎ ሥራ ይጠቀምበታል። እሳታዊው ነገሩ ተሰምቶ ሳያልቅ ይቈርጣል፤ ነፋሳዊው ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ይዘላል፤ እንደ ውኃ ያለው ሰውን ለማስማማት ሲል የራሱን አሳብ ይተዋል። እንደ መሬት ያለው ግን ዝም ብሎ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ነገሩን ጠንቅቆ የሚያውቀው እርሱ ነው።

በወላይታ፣ በአረካ አጠገብ ባለችው በዱቦ፣ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ታየ ተብሎ ሸንጎ ተቀመጠ እንበል። እሳታዊው «የታመመው ሁሉ ዛሬውኑ ይቈረጥ» ይላል፤ ነፋሳዊው የመንገዱን ነገር ያነሣል፤ ሦስተኛው ለሁለቱም እሺ ይላል፤ ሸንጎውም ይነሣል። በማግሥቱ አንዱ ቢላዋ ከጓሮ ወደ ጓሮ ይዞራል፤ በሽታውም አብሮት ይዞራል። ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ እንደ ገለጡት፣ የበሽታው ምክንያት ባክቴሪያ ነው፤ ከታመመው ተክል ወደ ጤነኛው ከሚያሻግሩት ነገሮች አንዱ ያልጸዳ መቍረጫ ነው። ስለዚህ የታመመው ተነቅሎ ይቀበራል፤ ቢላዋውም በእሳት ይለበለባል። በማን ቢላዋ የተነካው እንሰት እንደ ጠወለገ በዓይኗ ያየችው እንሰት የምትፍቀው ሴት ነበረች፤ ነገር ግን ማንም አልጠየቃትም። እንሰት ለምግብ እስኪደርስ ብዙ ዓመት የሚፈጅ ነውና የአንድ ቀን ችኰላ የብዙ ዓመት ጕድለት ያመጣል።

መድኃኒቱ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። በጥንቱ የንጉሥ ችሎት ፍርድ ከታናሹ ዳኛ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ይወጣ ነበር፤ ንጉሡም በመጨረሻ ይፈርድ ነበር። ታላቁ ከተናገረ በኋላ «እኔ ሌላ አሳብ አለኝ» ማለት በአገራችን ልማድ እንደ ድፍረት ይቈጠራልና ሥርዓቱ ብልሃት ነበረው። ሰብሳቢውም እንዲሁ የራሱን አሳብ ለመጨረሻ ያቈየው፤ ከበሩ አጠገብ የተቀመጠውን አስቀድሞ በስሙ ጠርቶ ይጠይቀው፤ የጓሮውን ሴቶችም ያስጠራ።

እሳታዊውንም ማራቅ አይገባም፤ ያለ እርሱ ውሳኔው በወረቀት ላይ ይቀራልና። ነቀላውን ቀን ተቈርጦለት እርሱ ይምራው። ነፋሳዊው የተረሳ ነገር እንዳለ ይጠየቅ፤ እንደ ውኃ ያለውም እንሰቱ የሚነቀልበትን ጎረቤት ሄዶ ያነጋግር። ጸሐፊውም ሸንጎው ከመነሣቱ በፊት የእያንዳንዱን ቃል ያንብብ፤ ቃሉ ያልተጻፈ ሰው ቢገኝ ሰብሳቢው እንደ ገና ይጠይቀው።