የኢሜይል አድራሻችንን በኮምፒዩተር የፖስታ ፕሮግራም ላይ ስለ ማዘጋጀት

በወላይታ ሶዶ፣ በአረካ ወይም በቦዲቲ የሚኖር ተማሪ ኢሜይሉን የሚያነበው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ስልኩ ወይም በድረ ገጽ ማሰሻ ነው። ይህ መንገድ መስመሩ እስካለ ድረስ መልካም ነው። መስመሩ ሲቋረጥ ግን ገጹም ደብዳቤውም አብረው ይሰወራሉ። አማካሪ መምህሩ አርመው የላኩለትን የመመረቂያ ጽሑፍ በማግሥቱ ማለዳ ማስረከብ ያለበት ተማሪ፣ ሌሊቱን ኢንተርኔት ቢጠፋበት እርማቱ ሩቅ አገር ባለ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቆልፎበት ያድራል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው፣ ደብዳቤዎቻችን በራሳችን ኮምፒዩተር ላይ ቅጂ እንዲኖራቸው የሚያደርገውን የፖስታ ፕሮግራም አሠራርና አዘገጃጀት ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው ተንደርበርድ የተባለውን ነው፤ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2004 የወጣ ሲሆን ያለ ክፍያ የሚገኝና በዊንዶውስም በሊኑክስም ላይ የሚሠራ ነው።

ደብዳቤን ተቀብሎ፣ መስመሩን ዘግቶ፣ በእርጋታ ማንበብ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ፕሮግራም፣ ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ተጠቃሚው መልእክቱን በኮምፒዩተሩ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ሞደሙ በስልክ መስመር ሲገናኝ የተጠራቀመው ይላካል፣ የመጣውም ይወርዳል፤ ከዚያም ስልኩ ይዘጋል። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ከዚያ ዐሥር ዓመት ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች የስልክ ሞደሙን ዘመን በወሬ እንጂ በተግባር የሚያውቁት አይመስለንም። አሠራሩ ግን ዛሬም ጠቃሚ ነው።

ነገሩን ለመረዳት የፖስታ ቤታችንን ልማድ ማሰብ ይበቃል። በአገራችን ደብዳቤ የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን ቁጥራችን ነው፤ ቁልፍ ይዘን ሄደን እንከፍታለን። የኢሜይል ሰርቨርም እንዲሁ ሣጥን ነው። ሣጥኑን የመክፈቻ ሁለት ሥርዓቶች አሉ። አንደኛው ፖፕ ይባላል፤ ደብዳቤውን ከሣጥኑ አውጥቶ ወደ ቤት ይወስዳል፤ ሣጥኑም ባዶ ይቀራል። ሁለተኛው አይማፕ ሲሆን ዋናውን በሣጥኑ ትቶ ለቤት ቅጂ ይሰጣል፤ በቤት ያነበብነው በሣጥኑም «ተነበበ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በቤት የሰረዝነውም ከሣጥኑ ይሰረዛል። ለመላክ የሚያገለግለው ደግሞ ኤስኤምቲፒ የተባለ ሦስተኛ ሥርዓት ነው፤ እርሱ ሣጥኑ ሳይሆን ደብዳቤ የምናስረክብበት መስኮት ነው ማለት ይቻላል። ብዙ ሰዎች «ደብዳቤ ይመጣልኛል፣ መላክ ግን አልችልም» ብለው የሚቸገሩት መቀበያና መላኪያ ለየብቻ የሚስተካከሉ መሆናቸውን ካለማወቅ ነው።

ከሁለቱ የትኛው ይመረጥ? በእጅ ስልክም በላፕቶፕም ለሚጠቀም ሰው አይማፕን ያለ ማመንታት እንመክራለን። ፖፕ ጥቅም የለውም ማለታችን አይደለም፤ የራሱ አንድ ኮምፒዩተር ብቻ ላለውና የሰርቨር ሣጥኑ ለሞላበት ሰው ያገለግላል። በጋራ የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ግን አደገኛ ነው። «ቅጂው በሰርቨር ላይ ይቆይ» የሚለው ምርጫ ካልተመረጠ፣ ተማሪው አንድ ጊዜ «ተቀበል» ሲል ደብዳቤዎቹ ሁሉ የእርሱ ወዳልሆነው ማሽን ይወርዳሉ፤ የትምህርት ዕድል ጥሪው፣ የማስረጃ ቅጂው፣ የቤተሰቡ መልእክት ሳይቀር በዚያ ይቀራል። ማሽኑ በቫይረስ ምክንያት ፎርማት የተደረገ ዕለት ከየትም አይገኝም። በጋራ ማሽን ላይ የፖስታ ፕሮግራም ጨርሶ ባይዘጋጅ ይሻላል፤ እዚያ ማሰሻው ይበቃል፣ ሲጨርሱም መውጣት ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፕሮግራሙ ሲከፈት ሙሉ ስማችንን፣ የኢሜይል አድራሻችንንና የይለፍ ቃላችንን ይጠይቃል። «ቀጥል» ስንለው እንደ ጂሜይል ላሉ ታዋቂ አገልግሎቶች የሰርቨሮቹን አድራሻ ራሱ ፈልጎ ያገኛል። የአንድ ተቋም አድራሻ ሲሆን ላያገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከተቋሙ የኮምፒዩተር ባለሙያ ጠይቀን በእጃችን እንሞላለን። ለጂሜይል በእጅ ቢሞላ መቀበያው «አይማፕ ነጥብ ጂሜይል ነጥብ ኮም» (በላቲን ፊደል የሚጻፍ) ሲሆን የበር ቁጥሩ 993 ነው፤ መላኪያው በ«አይማፕ» ፋንታ «ኤስኤምቲፒ» የሚል ይሆንና የበር ቁጥሩ 465 ወይም 587 ነው። 993 እና 465 ከመጀመሪያው አንሥቶ በምስጢር የተቆለፈ ግንኙነት ይጠይቃሉ፤ በ587 ግን ግንኙነቱ በግልጽ ተጀምሮ ስታርት ቲኤልኤስ በሚባለው ትእዛዝ ይቆለፋል። የበር ቁጥሩና የቁልፉ ዓይነት ካልተጣጣሙ ፕሮግራሙ ሳይገናኝ ይቀራል።

በቀድሞ መጻሕፍት የሚገኙ መመሪያዎች በሮቹን 110 እና 25 ይላሉ፤ እነዚህ በተለምዶ ያልተቆለፉ ስለሆኑ የይለፍ ቃልን በጋራ ዋይፋይ ላይ ለሚያዳምጥ ሰው አሳልፈው ሊሰጡ ይችላሉና ልንርቃቸው ይገባል። ጉግል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በደረጃ፣ በተራ የይለፍ ቃል ብቻ መግባትን ለፖስታ ፕሮግራሞች ከልክሏል። ስለዚህ በዝግጅቱ መካከል የጉግል መግቢያ መስኮት ቢከፈት ማታለያ መስሎን መደንገጥ የለብንም፤ ፕሮግራሙ ፈቃድ የሚቀበለው በዚያ በኩል ነው።

አድራሻው ከገባ በኋላ የሞባይል ዳታ ለሚጠቀም ሰው አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ያለፉትን ዓመታት ደብዳቤዎች ሁሉ ማውረድ ሊጀምር ይችላል። በአድራሻው ማስተካከያ ውስጥ የ30 ቀን ደብዳቤ ብቻ እንዲያወርድ፣ ከተወሰነ መጠን በላይ የሆነውንም እንዲተው ማዘዝ ይቻላል። ስለ መጠን ካነሣን፣ ተያይዞ የሚላክ ፋይል በኢሜይል ውስጥ የሚጓዘው ቤዝ 64 በሚባል አጻጻፍ ተለውጦ ነው፤ በዚህም እያንዳንዱ ሦስት ባይት አራት ይሆናል። 6 ሜጋባይት የነበረ ፎቶግራፍ 8 ሜጋባይት ሆኖ ይሄዳል፤ በሴኮንድ 64 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ ደካማ መስመር ይህ 1000 ሴኮንድ፣ ማለትም 17 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። የአማርኛ ፊደላችንም በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ስለሚይዝ፣ በርእስ መስመር ላይ የተጻፈው «ወላይታ» የሚለው ባለ አራት ፊደል ቃል በዚሁ ዘዴ ሲጻፍ 16 ምልክት ሆኖ ይጓዛል። ወላይትኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ ከዚህ ዕዳ ነፃ ነው።

ሁሉም ተሟልቶ ሳለ ፕሮግራሙ «የሰርቨሩ የምስክር ወረቀት አይታመንም» ቢለን፣ ከሰርቨሩ በፊት የኮምፒዩተራችንን ሰዓት እንመርምር። የምስክር ወረቀቱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ ሰዓቱ ወደ ኋላ የቀረ ኮምፒዩተር ወረቀቱን «ገና ያልደረሰ» አድርጎ ይቆጥረዋል። ለእኛ አገር ተጠቃሚ ይህ ስሕተት ሁለት ተጨማሪ በሮች አሉት። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሞላ ሰው ኮምፒዩተሩን ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ግንኙነቱም ይከለከላል። ከጠዋቱ 3 ሰዓትን «3» ብሎ የሞላ ደግሞ ግንኙነቱ ላይሰናከል ይችላል፤ ነገር ግን የሚልካቸው ደብዳቤዎች ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ተጽፈው ይሄዳሉ፤ ተቀባዩም በተጻፉበት ሰዓት ደርድሯቸው ከሆነ ከአሮጌዎቹ መካከል ተቀብረው ይቀራሉ። ትክክለኛው አሞላል የአውሮፓውያን ቀን፣ ጠዋት 9 ሰዓት፣ የሰዓት ክልሉም የአዲስ አበባ ወይም የናይሮቢ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ተመልሶ የሚዛባ ዴስክቶፕ ከሆነ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ በዋናው ሰሌዳ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ ማለቅ ነው። የተለመደችው ሲአር 2032 የተባለችው ናት፤ ኮምፒዩተሩን ከመብራት ነቅሎ አሮጌዋን በአዲስ መተካት፣ ቀኑን አስተካክሎ እንደገና «ተቀበል» ማለት ነው።