ጽጌረዳን እንዴት እንቆርጣለን?

ዛሬ ስለ ጽጌረዳ አቆራረጥ ላካፍላችሁ ነው። ትምህርቱን ያገኘሁት ግን አበላሽቼ ነው።

ጀጎል ውስጥ ግቢያችን ጠባብ ነው። የአያቴ ጽጌረዳ በግንቡ ጥግ ናት። አያቴ ስታገባ ከእናቷ ቤት ቅርንጫፍ አምጥታ ነው የተከለቻት። ባለፈው ኅዳር እሾኋ ልብሴን ቀደደብኝና (እውነቱን ለመናገር ኳሳችንንም አፈንድታብን ነበር) በወጥ ቤት ቢላዋ ጨፈጨፍኳት። አንድ ቅጠል እንኳ አላስቀረሁም። ከዚያ ቅርንጫፎቿ ከላይ ወደ ታች እየጠቆሩ ደረቁ። አያቴ ሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን «ነይ እስኪ፣ እጅሽ ካልቀረ አቆራረጡን ልመሪ» አለችኝ።

በሳይንስ ክፍለ ጊዜ እንደተማርነው ተክል ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። እኔ ቅጠሉን በሙሉ ስጨርሰው ምግብ አጣች ማለት ነው። ሌላው ጥፋቴ ደግሞ ቦታው ነው። ግንዱ ላይ አዲስ ቡቃያ የሚወጣበት «ዓይን» አለ። መቁረጥ ያለብን ወደ ውጭ ከሚያየው ዓይን ትንሽ ከፍ ብለን፣ በሰያፍ፣ በተሳለና በንጹሕ መቀስ ነው። ከዓይኑ በላይ ረጅም ጉቶ ከተረፈ ይደርቃል፣ ድርቀቱም ወደ ታች ይወርዳል። መጀመሪያ የሚቆረጠው የደረቀውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ነው። አያቴ የምትቆርጠው የካቲት መጨረሻ፣ የበልግ ዝናብ ሲቃረብ ነው። አበባ የሚወጣው በአዲሱ ቡቃያ ላይ ስለሆነ ጨርሶ አለመቁረጥም ጥሩ አይደለም።

ውሃስ? እኛ ሰፈር በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ ሩዝና አትክልት ያጠብንበትን እናጠጣታለን፣ ጠዋት ወይም ማታ፣ ከሥሯ ብቻ። ቅጠሉ ረጥቦ ከዋለ በሽታ ይይዘዋል። ከሥሯ ደረቅ ሣር ስናለብሳት አፈሩ ቶሎ አይደርቅም። የፍየል በጠጥም እንጨምራለን፤ የበሰበሰ ከሆነ ብቻ፣ ትኩሱ ያቃጥላታል።

በነገራችን ላይ ቀጋ፣ ኮክና ኮሶም የጽጌረዳ ዘመዶች ናቸው። ኮሶ ስሰማ እኔም አላመንኩም!

ከቆረጥኳቸው ውስጥ እርጥብ የነበሩትን ሦስት ቅርንጫፎች አያቴ ስንዝር ስንዝር አድርጋ፣ የታች ቅጠላቸውን አራግፋ፣ በዘይት ቆርቆሮ ተክላቸው ነበር። ሁለቱ ደረቁ። አንዱ አሁን አራት ቅጠል አለው። ትልቋም በግንቡ በኩል አንድ ቀይ ቡቃያ አውጥታለች፤ ኳስ መጫወቻችንን ወደ ውጭ አዛውረናል።