የጨፌው ጥቁር አፈር

በጋ ሲገባ ብዙ ጅረት ይደርቃል። ከአርሲ ተራሮች ሥር ያሉት ምንጮች ግን ሁሉም አይደርቁም። ዝናብ ሳይኖር ውሃው ከየት ይመጣል?

ከአሰላ ወደ ምሥራቅ ብናይ ጭላሎ ተራራ ይታየናል። ከጭላሎ ወዲያ የገላማ ተራሮች አሉ። ከነሱ አንዱ በዳ ነው፤ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እነዚህን ተራሮች የሠራቸው ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የፈነዳ እሳተ ገሞራ ነው። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ ብርድ ጸና። በበዳ አናት ላይ በረዶ እየተከመረ ግግር ሆነ። ግግሩ ቀስ እያለ ሲንሸራተት ድንጋዩን ፋቀው፤ ጎድጓዳም አደረገው። አየሩ ሲሞቅ በረዶው ቀለጠ፤ በጎድጓዳው ውሃ ተኛበት። ጨፌው እንዲህ ተጀመረ።

በጨፌው ላይ ቄጠማና ሣር በቀለ። ሣር በደረቅ መሬት ላይ ሲሞት ቶሎ ይበሰብሳል። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ግን አየር ስለማያገኝ በደንብ ሳይበሰብስ ይቀራል። በላዩ ሌላ ሣር ይበቅላል፤ እሱም ይሞታል። እየተደራረበ ሲሄድ ጥቁርና ለስላሳ አፈር ይሆናል። ሊቃውንት ይህን አፈር ፒት ይሉታል። በበዳ ላይ ከጨፌው ሥር ወጥቶ የተመረመረው ፒት ከ10,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው።

ፒት በእጅ ሲጨመቅ ውሃው ይንጠባጠባል። ክረምት የጠጣውን በበጋ ቀስ እያለ ይለቃል። ከተራሮቹ ወደ ምዕራብ የሚወርደው ውሃ በካታር ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል፤ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ወደ ዋቢ ሸበሌ ይሄዳል።

በዚያ ከፍታ ጅባራና አስታ ይበቅላሉ። ቀይ ቀበሮ በሣሩ ውስጥ አይጥ ያድናል። የደጋ አጋዘን በአስታው ውስጥ ይሸሸጋል። ሁለቱም ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም።

መሬት ያጠረው ገበሬ ግን፣ «ይህ ጨፌ ባዶውን ከሚቀመጥ ቦይ ቀድጄ ላድርቀው፤ ገብስ ልዝራበት» ሊል ይችላል። ችግሩ እውነት ነው። ሆኖም ቦይ ሲቀደድ ውሃው ባንድ ጊዜ ወርዶ ያልቃል። የደረቀው ፒት አየር ሲያገኝ ይበሰብሳል፤ መሬቱም ይሰምጣል። እሳት ከያዘውማ ውስጥ ለውስጥ ብዙ ቀን ይጨሳል። ፒት በዓመት የሚያድገው አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። አንድ ክንድ ለመሙላት 500 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እኛ በዶማ አንድ ክንድ ለመቆፈር ግማሽ ቀን አይፈጅብንም። የገብሱን ምርት የሚያገኘው አንድ ቤት ነው፤ ምንጩ ሲደርቅ የሚጠማው ግን ከታች ያለው መንደር ሁሉ ነው።

ከእነዚህ ተራሮች ብዙው ቦታ እ.ኤ.አ. በ2011 የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። ጨፌውን ግን ወረቀት ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ በጨፌው ውስጥ ቦይ አንቅደድ። አስታውን አናቃጥል። ከብቶቻችንንም ከጨፌው በታች ከሚወርደው ውሃ እናጠጣ እንጂ ጨፌውን አናስረግጥ።

ጥያቄዎች
1. በጨፌ ውስጥ የሞተ ሣር በደንብ የማይበሰብሰው ለምንድን ነው?
2. ሁለት ክንድ ፒት ለመሙላት ስንት ዓመት ይፈጃል?
3. በመንደራችሁ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ አለ? ከላዩ ምን እንዳለ ሄዳችሁ ተመልከቱ፤ ያያችሁትንም ጻፉ።