የአንድ ዱላ ርቀት

ልጄ፣

ባለፈው ስትደውዪ «ጋሼ፣ የኮሮናው ጊዜ ከሥልጠናዬ ላይ ተቆርጦ የወደቀ ነው፤ ባከነብኝ» አልሽኝ። ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁሽም፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ረጅም ነገር አይነገርም። አሁን ግን አንቺ ራስሽ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ሴት ልጆችን ሰብስበሽ ራስን መከላከል ልታስተምሪ ተነሥተሻል። ከግሼ ራቤልና ከመርሐ ቤቴም የሚመጡ አሉ ብለሽኛል። እንግዲህ ያንን ዓመት እኔ እንዴት እንዳየሁት ሳልነግርሽ ብቀር ዕዳ ይሆንብኛል። ሠላሳ ዓመት ቴኳንዶ ሳስተምር ስለ ሥራዬ ብዙ የገባኝ በዚያ ዓመት ነው።

1. ሲዘጋብሽ ባከነ አትበይ።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ላይ መገኘቱ ተነገረ። በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የስፖርት ዝግጅት ታገደ። መጋቢት 30 ደግሞ ለአምስት ወር የሚጸና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኔ ያኔ ደብረ ብርሃን አስተምር ነበር። አዳራሹን ቆልፌ፣ ቁልፉን ለባለቤቱ አስረክቤ፣ ሁለት የመምቻ ፓድና አንድ ዶቦክ (የሥልጠና ልብስ) ጠቅልዬ ወደ መንዝ ወጣሁ። አርባ ተማሪ የነበረኝ ሰውዬ ባዶ እጄን እናቴ ደጅ ቆምኩ።

«ምን ሆነህ ነው እንዲህ የከፋህ?» አለችኝ፤ ነገርኳት። «ጓሳስ ሲዘጋ?» ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የሣር ምድራችንን የጓሳን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ግን እንደገና ስሚው። አቅኚ አባቶቻችን አስቦና ጌራ ካቀኑት ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ ሦስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አይነካውም። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ቢፈርስም ሕዝቡ መልሶ በጋራ የሚጠብቀው ቦታ አድርጎታል። በተዘጋባቸው ዓመታት ሣሩ ባከነ ያለ የመንዝ ሰው አልሰማሁም። ሲከፈት የቤት ክዳን ይሆናል፣ ገመድ ይሆናል፣ በድርቅ ዓመት የከብት ነፍስ ያተርፋል።

2. ርቀትን በዱላ ለኪ።

ሬዲዮው «ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ» ይል ነበር። የሰፈራችን ልጆች ይሰሙታል፣ ወዲያው ይረሱታል። አንድ ቀን ሁለት እረኞች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ሲያወሩ አየሁና የአንደኛውን ዱላ ተቀበልኩት። አንዱን ጫፍ ለአንዱ፣ ሌላውን ጫፍ ለሌላው አስይዤ «ክንዳችሁን ዘርጉ» አልኳቸው። ዘረጉ። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ሬዲዮው ከሚለው አያንስም። «የሰው ትንፋሽ በቀላሉ እዚህ አይደርስም፤ የሰው ቡጢም አይደርስም፤ እርግጫም አይደርስም» አልኳቸው። ሥልጠናችን የተጀመረው በዚያች ዱላ ነው።

እዚህ ላይ ጊዜ ስጪ። ራስን የመከላከል ግማሹ የሰው እጅ የሚደርስበትንና የማይደርስበትን መሬት በዓይን መለየት ነው። አዳራሽ ውስጥ ርቀትን በአፌ ብቻ ነበር የምናገረው፤ ልጆቹ ተጣበው ይቆማሉ፣ ስፓሪንግ ሲጀመር ወዲያው ይተቃቀፋሉ። በ2012 መንካት ክልክል ሲሆን ሌላ መንገድ ጠፋኝና በርቀት ብቻ አሠራኋቸው። አጥቂው አንድ እርምጃ ወደፊት ይላል፤ ተከላካዩ ያንኑ ያህል ያፈገፍጋል ወይም ወደ ጎን ይወጣል፤ በመካከላቸው ያለው የዱላ ርዝመት እንዳይጠብ። ስንጠራጠር ዱላውን መሬት ላይ አጋድመን እንለካለን። በሁለት ወር ውስጥ እነዚያ እረኞች አንድ ሰው ስንት እርምጃ ሲቀረው መነሣት እንዳለባቸው ሳይነገራቸው ያውቁ ነበር። የእኛ ሰው ዱላ ሲመክት የኖረ ነው፤ ይህን ትምህርት ለመጀመር ኮሪያን አልጠበቀም። ልጆቹ በእጃቸው የያዙትን ነገር ነው መልሼ ያስተማርኳቸው።

3. ጥቂት ተማሪ አትናቂ።

አዋጁ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። ስለዚህ ሦስት ተማሪና እኔ፣ በቀን ሁለት ዙር። ክፍያ አልጠየቅሁም፤ አንዲት እናት አንድ ቁና ገብስ ላከችልኝ።

ከሦስቱ አንዱ ደብረ ብርሃን ሦስት ዓመት ያስተማርኩት፣ በገዛ እጄ አረንጓዴ ቀበቶ ያሰርኩለት የአገሬ ልጅ ነበር። አንድ ጠዋት መስኩ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ልጁ የጎን እርግጫውን ደጋግሞ ሠራና ሲያበቃ መሬቱን አየሁ። የቆመበት እግሩ ዱካ ውርጩ ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ቀጥ ያለ ነው፤ ተረከዙ አልዞረም። ሲረግጥ የቆመው እግር ካልዞረ ጉልበቱ ይጠመዘዛል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ጉልበቴን ያመኛል» ሲለኝ «በርታ» እለው ነበር። ተንበርክኬ ዱካውን በጣቴ አሳየሁትና ይቅርታ ጠየቅሁት። አርባ ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ ሳለ የአንድ ልጅ ተረከዝ አይታየኝም ነበር። አንቺ ስትጀምሪ ስድስት ልጅ ብቻ ቢመጣልሽ እንዳታዝኚ።

4. መከላከል የሚለውን ቃል ለሁለት አትክፈዪው።

«ራስን መከላከል» እንላለን፤ «በሽታን መከላከል» እንላለን። አንድ ቃል ነው፤ እኔ ግን እስከዚያ ዓመት ድረስ አንድ ነገር መሆኑን አላሰብኩትም።

እናቴ ሰማንያን አልፋለች። እንደመጣሁ አሥራ አራት ቀን ከዋናው ቤት ተለይቼ ተኛሁ። ማታ ማታ የገብስ እንጀራውን ደፉ ላይ ታስቀምጥልኝና ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ትላለች። ባናዋን ተከናንባ፣ በልቼ እስክጨርስ ቆማ ታየኛለች። የ1911ን የኅዳር በሽታ ከእናቷ ሰምታ ስላደገች የመራራቁን ነገር እኔ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው ከዚያ ዘመን ወዲህ መሆኑን ለተማሪዎቼ የነገረቻቸውም እሷ ናት። እኔም ልጆቹን «እናንተ ወጣት ናችሁ፤ ቤት ያለችውን አያታችሁን ማን ይከላከልላት?» እያልኩ እጠይቃቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ጭንብላቸውን ሲያስሩ ቀበቶ እንደሚያስር ሰው ተጠንቅቀው ነው።

5. ብቻሽን የምትሠሪውን አክብሪ።

ብቻችንን ከምንሠራቸው ተከታታይ እንቅስቃሴዎች (ቱል) አንዱ፣ ቾን ጂ፣ 19 እንቅስቃሴ አለው፤ ትርጉሙ ሰማይና ምድር ነው። ወደ አራቱም ማዕዘን ትዞሪያለሽ፤ ትከላከያለሽ፣ ትመቻለሽ፣ በመጨረሻም ከጀመርሽበት ቦታ ትመለሻለሽ። ዱካሽን ከላይ የሚያይ ሰው ቢኖር መስቀል ነው የሚያየው። አዳራሽ ውስጥ ለቀበቶ ፈተና ያህል ብቻ እንሠራው ነበር፤ መምታት የሚወዱ ልጆች ይሰለቹታል። የሚነካካ ጥንድ ሥልጠና ሲቀር ግን ከዱላው ሌላ ቱል ብቻ ቀረልን። የምንሠራበት መስክ ከባሕር ወለል 3000 ሜትር ያልፋል፤ በጭንብል ከተጣደፍሽ ትንፋሽ ያጥርሻል። ስለዚህ አንዱን እንቅስቃሴ በአንድ ሙሉ ትንፋሽ፣ ቀስ ብለን ሠራነው። በፍጥነት ሲሠራ የሚሸፈን ስሕተት ሁሉ ያኔ ወጣ።

የቴኳንዶ ተወዳዳሪያችንን ሰለሞን ቱፋንም አስቢው። የካቲት 2012 ራባት ላይ ለቶኪዮ ኦሎምፒክ አለፈ፤ ወር ሳይሞላ ዓለም ተዘጋ፣ ኦሎምፒኩም በዓመት ተገፋ። እሱ ግን ሐምሌ 2013 ቶኪዮ ላይ ቆሞ በኦሎምፒክ ቴኳንዶ ኢትዮጵያን የወከለ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

6. ከጠቡ በፊት ያለውን አስተምሪ።

ጓሳ ጫፍ ላይ ስንሠራ ጭላዳዎች ከገደሉ ወጥተው አጠገባችን ይግጡ ነበር። ሁለት ወንዶች ሲፋጠጡ ልጆቹን አስቁሜ አሳየኋቸው። አንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ያሳያል፣ ቅንድቡን ወደ ላይ ስቦ ነጣ ያለውን የዓይኑን ቆብ ያበራል፣ ጎፈሩን ነስንሶ ይሮጣል። ሌላው ያየውና ዞር ይላል። ሳይነካከሱ ተለያዩ።

የሰው ማስጠንቀቂያ ደግሞ ድምፁ ነውና ከዚያ ድምፅ አስተማርኩ። እዚህ ላይ ከልብሽ እንድትሠሪ እለምንሻለሁ፤ ሴት ልጅ ድምጿን ከፍ እንድታደርግ አላሳደግናትም። አንዷ ተማሪዬ «አትንካኝ!» በይ ስላት በመጀመሪያው ቀን ድምጿ ከጭንብሏ ውስጥ አልወጣም፤ አንገቷን ደፋች። «እኔን አትመልከቺ፤ ለገደሉ ንገሪው» አልኳት፤ ፊቷንም ወደ ገደሉ አዞረች። በየቀኑ እንዲያ ስትል ሦስት ሳምንት ሆናት። አንድ ቀን ገደሉ ድምጿን መልሶ አመጣው፤ ጭላዳዎቹ ሳይቀሩ ቀና አሉ። ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ የራሷ መሆኑን አላመነችም።

7. ሕጉን ከእርግጫው ጋር አስተምሪ።

ትምህርት ቤቶች እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ተዘግተው ሲቆዩ የሽምግልና ጉዞ በዛ። ለገደሉ ስትጮኽ በነበረችው የአሥራ አምስት ዓመት ተማሪዬም ሽማግሌ ተላከባት። ያዳናት እኔ ያስተማርኳት እርግጫ አይደለም። ለመምህሯ ተናገረች፤ መምህሯ ለወረዳ ነገረች፤ ሠርጉ ቀረ። ያ ገደል ላይ የወጣ ድምፅ ለዚህም ጠቀማት ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ልጆችሽ ይህን በቃላቸው ይያዙ፤ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ያለዕድሜ ጋብቻም ጠለፋም በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 78 ራሷን ከጥቃት ለመከላከል የተገደደችውን ይጠብቃል፤ የምትወስደው እርምጃ ግን ከአደጋው ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። አጥቂው ከወደቀ በኋላ የሚጨመረው ምት መከላከል አይባልም። እምቢ ካሉ በኋላ ወዴት እንደሚሮጡ፣ የማንን በር እንደሚያንኳኩ በስም ያስቡት።

8. የማትችዪውን አትሽጪ።

ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት መንዝ ሲደርስ ጠመንጃ የያዘ ሰው ፊት ባዶ እጅ ምን እንደሆነ አየን። ለልጆችሽ ውሸት አትንገሪያቸው። መሣሪያ ከመጣ መሸሽ ነው፤ መሸሽ ካልተቻለ በሕይወት መትረፍ ነው። ጥቃት የደረሰባትን ልጅ «ለምን አልታገልሽም» የሚል ሰው ካለ ከመስኩ አስወጪው።

9. እጅ ንሺ።

አዋጁ መጨባበጥን ሲከለክል ልጆቹ እንዴት ሰላም እንደሚሉኝ ጠፋቸው። ቴኳንዶው ጎንበስ ማለትን ያዛል፤ አያቶቻችንም ለታላቅ እጅ የሚነሡት ዝቅ ብለው ነው። ሁለቱን አንድ አደረግናቸው። እስካሁን አልተውነውም፤ አንቺም አትተዪው።

10. ሰዓቱን አስቢበት።

ጠዋት 12 ሰዓት አትጀምሪ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ውርጩ የልጆቹን እግር ይጎዳል። ሦስት ሰዓት ይሻላል፤ ከብቱም ተሰማርቶ እረኞቹ መምጣት ይችላሉ። ከሩቅ የሚመጡት በሶ ይያዙ። ያችን የመጀመሪያዋን ዱላ እረኛው ትቶልኝ ከተማ ገባ፤ ጫፏ በመለካት ብዛት ተልጧል። ከቤቴ በር ኋላ ቆማለች፤ ቅዳሜ ስታልፊ ግቢና ውሰጃት።