የመኖሪያ ቤት ግምትና የግንባታ ዋጋ ማስረጃ

ለሞያሌ ከተማ ነዋሪዎችና ሹማምንት የቀረበ ትምህርት

የቤት ግምት በትክክል ካልተሠራ የሚጐዳው አንድ ወገን ብቻ አይደለም። ግምቱ ቢያንስ፥ ውርስ የሚካፈል ወላጅ አልባ ልጅ ድርሻው ይጐድልበታል፤ ቤቱ ለመንገድ ሥራ የሚፈርስበትም ሰው በሚቀበለው ካሣ ሌላ ቤት ሊሠራ አይችልም። ከልክ በላይ ቢበዛም ተበዳሪው የማይችለውን ዕዳ ይሸከማል፤ አበዳሪውም መያዣውን ሲሸጥ ገንዘቡን አያገኝም። ስለዚህ ግምት በማስረጃ እንጂ በወሬ ሊቆም አይገባውም።

ቤት የሚገመተው በሦስት መንገድ ነው፤ ይኸውም ከተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች ጋር በማነጻጸር፥ ከኪራይ ገቢው በመነሣት፥ ወይም ቤቱን እንደ ገና ለመሥራት የሚያስፈልገውን ወጪ በማስላት ነው። ሽያጭ ጥቂት በሆነበት ከተማ ሦስተኛው መንገድ ይመረጣል። በኢትዮጵያ በኩል መሬት ስለማይሸጥ፥ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረትም ለቤት የሚከፈለው ካሣ ቤቱን ለመተካት የሚያስችል መሆን ስላለበት፥ የግንባታ ወጪ የግምቱ ዋና መሠረት ነው። በኬንያ በኩል ግን መሬቱ የራሱ ዋጋ ስላለው ከቤቱ ተለይቶ ይገመታል።

በሽያጭ የሚቀርቡት የግንባታ ዋጋ መጻሕፍት ውድ ናቸው፤ የሚይዙትም አብዛኛውን የትላልቅ ከተሞችን ዋጋ ነው። ሞያሌ ደግሞ ከናይሮቢም ከአዲስ አበባም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ሲሚንቶው ከአቲ ሪቨርም ይምጣ ከሙገር፥ የጭነቱ ኪራይ በዋጋው ላይ ይደመራል። እንግዲህ በጥቂት ወጪ ማስረጃ የሚገኝባቸው መንገዶች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፤ የኬንያ ብሔራዊ የስታቲስቲክስ ቢሮ በየሩብ ዓመቱ የሚያወጣው የግንባታ ዕቃዎች ዋጋ መለኪያ ነው። ይህ መለኪያ የሚያሳየው የዋጋውን ለውጥ ነው። ለምሳሌ መለኪያው ከ100 ወደ 112 ቢደርስ፥ ቀድሞ 1,000,000 ሽልንግ የፈጀ ቤት ዛሬ 1,120,000 ሽልንግ ይፈጃል ማለት ነው።

ሁለተኛ፤ የከተማው ገበያ ነው። የሲሚንቶ፥ የቆርቆሮ፥ የብረት፥ የብሎኬት፥ የአሸዋና የእንጨት ዋጋ በአንድ ቀን ከሦስት ነጋዴዎች ይጠየቅ፤ የግንበኛና የአናጢ የቀን ሒሳብም ይጨመር። በብርና በሽልንግ የተገኘው ዋጋ ሳይደባለቅ ከነቀኑ ይጻፍ።

ሦስተኛ፤ በመንግሥት ጨረታ የተሠሩ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች የሥራ ዝርዝር ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ዜጋ በመንግሥት እጅ ያለውን መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ነገር ግን ትምህርት ቤትና መኖሪያ ቤት የተለያዩ ስለ ሆኑ፥ የሚወሰደው የግንቡና የልስኑ ነጠላ ዋጋ እንጂ የጠቅላላው ሕንፃ ዋጋ አይደለም።

ስሌቱን በምሳሌ እንመልከት። ርዝመቱ 8፥ ወርዱ 6 ሜትር የሆነ ቤት ስፋቱ 48 ካሬ ሜትር ነው። የካሬ ሜትሩ ወጪ 25,000 ሽልንግ ነው ብንል፥ ቤቱን አዲስ ለመሥራት 1,200,000 ሽልንግ ይፈጃል። ቤቱ 50 ዓመት የሚያገለግልና 10 ዓመት የሞላው ከሆነ፥ አንድ አምስተኛው ማለት 240,000 ሽልንግ ስለ እርጅና ይቀነሳል፤ የሚቀረውም 960,000 ሽልንግ ነው። የጭቃ ቤት ዕድሜ ከድንጋይ ቤት ስለሚያጥር ቅናሹ እንደ ቤቱ ዐይነት ይለያያል።

በእንግሊዝ አገር በ1962 እ.ኤ.አ. የሕንፃ ወጪ መረጃ አገልግሎት ሲቋቋም፥ ባለሙያዎቹ የሠሩባቸውን ዋጋዎች እርስ በርስ እንዲለዋወጡ ታስቦ ነበር። በትንሽ ከተማም ይህን ማድረግ ይቻላል። ግንበኛው፥ ነጋዴውና ቤት ያሠራው ሰው ደረሰኛቸውን ቢያቀርቡ፥ አንድ ጸሓፊ በየሦስት ወሩ ሊመዘግበው ይችላል።

በ2012 እና በ2013 እ.ኤ.አ. በሞያሌ በተነሡት ግጭቶች ቤቶች እንደ ተቃጠሉ ይታወሳል። ከተቃጠለ በኋላ የቤቱን ግድግዳ መለካት አይቻልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ባለቤት የቤቱን ልክ፥ የተሠራበትን ዕቃና ዓመተ ምሕረት ጽፎ፥ አንዱን ቅጂ ከቤቱ ውጭ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።