የፕሬዚዳንት መራጮችን ማን ይመርጣል፣ ማንስ ያስራቸዋል? አንቀጽ 61 ከአብደራፊ ሲነበብ

በምዕራብ ጎንደር አብደራፊ የሚኖር ዜጋ ለሪፐብሊኩ ፕሬዚዳንት በቀጥታ ድምፅ አይሰጥም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 70 እንደሚደነግገው ዕጩውን የሚያቀርበው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ዕጩው የሚመረጠው ደግሞ ይህ ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት በጋራ ስብሰባቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲደግፉት ነው። ስለዚህ የአብደራፊው መራጭ ፈቃድ በሁለት መንገድ ይጓዛል፤ አንደኛው በምርጫ ክልሉ እንደራሴ፣ ሁለተኛው ባሕር ዳር በሚሰበሰበው የክልል ምክር ቤት በኩል። ብዙም ያልተመረመረው ሁለተኛው ነው።

አንቀጽ 61(3) የክልል ምክር ቤቶች የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን ራሳቸው እንዲመርጡ ወይም በሕዝብ በቀጥታ እንዲያስመርጡ ይፈቅዳል። ጸንቶ የቆየው የመጀመሪያው አሠራር ነው። እንግዲህ መራጩን የሾመ ክልል ድምፁንም ሊያዝ ይችላልን?

አሜሪካኖች ይችላል ብለዋል። በ2016 እ.ኤ.አ. ምርጫ ቃላቸውን ያልጠበቁ ሦስት የዋሽንግተን ግዛት መራጮች እያንዳንዳቸው 1,000 ዶላር ተቀጥተው ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የመሾም ሥልጣን ያለው ግዛት ቅድመ ሁኔታ የማስቀመጥ ሥልጣንም አለው በማለት በ2020 እ.ኤ.አ. ቅጣቱን አጸና። በጀርመን ግን ከፌዴራል ፕሬዚዳንት መራጮች ግማሾቹ በክልል ምክር ቤቶች የሚመረጡ ቢሆንም ሕጉ ከማንኛውም ትእዛዝ ነጻ አድርጓቸዋል።

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54(4) የሕዝብ ተወካዮችን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ተገዢ ያደርጋል። ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላት ተመሳሳይ ዐረፍተ ነገር የለም። ይህ ዝምታ ለክልሎች የተተወ ሥልጣን ተደርጎ ሊነበብ አይገባውም። አንቀጽ 63 አባሉ በሰጠው ድምፅ እንዳይከሰስና አስተዳደራዊ እርምጃም እንዳይወሰድበት ስለሚከለክል የዋሽንግተኑ ዓይነት ቅጣት እዚህ ቦታ የለውም። ይበልጥ ክብደት ያለው ግን አንቀጽ 61(1) ነው፤ አባላቱ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ተወካዮች እንጂ የክልሎች አይደሉም። ክልሉ አስመራጭ ነው፤ ወካይ አይደለም። በመተማና በቋራ የሚኖሩትን ጉሙዞች እንውሰድ፦ የብሔረሰባቸውን ተወካዮች የሚመርጠው በዋናነት የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምክር ቤት ነው። ይህ ምክር ቤት ድምፁን አስሮ ቢልክ፣ በዚያ ክልል ምርጫ የማይሳተፉትን ጭምር ማሰሩ ነው።

የሚያስቸግረው ከድምፁ በኋላ የሚመጣው ነው። አንቀጽ 12(3) አመኔታ ያጣን ተመራጭ ከቦታው የማንሳት መብት የሚሰጠው ለሕዝቡ ነው። መራጩ የክልል ምክር ቤት ሲሆን ይህ መብት ወደ ምክር ቤቱ ይተላለፋል ከተባለ፣ አንቀጽ 63 በፊት ለፊት የዘጋው በር በጓሮ ይከፈታል። ማንሳት «አስተዳደራዊ እርምጃ» ነውን? ነው የሚለው ንባብ ለአባሉ ነጻነት የተሻለ ዋስትና ይሰጣል።

ጥያቄው እስካሁን ያልተፈተነው አባሉን በተግባር የሚያስረው የፓርቲ ሥነ ሥርዓት በመሆኑ ነው። አምባሳደር ሳህለወርቅ ዘውዴ ጥቅምት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረጡት በሙሉ ድምፅ ነበር። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ድጋፉ ለሁለት ሦስተኛ ጥቂት በጎደለበት ቀን ግን ሁለት ሦስተኛውን የሚሞላው ወይም የሚያጎድለው በቁጥር የሚያንሰው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ይሆናል።