ባትሪን በክረምትና በውርጭ ወራት በመጋዘን ስለ ማቆየት

የደብረ ብርሃን ነጋዴ እህሉን ከነቀዝ፥ ብርድ ልብሱን ከብል፥ ጨውን ከእርጥበት መጠበቅን ከልማድ ያውቃል። በመደርደሪያው ላይ ያለው የመኪና ባትሪ ግን እንደ ሌላው ሸቀጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም። ባትሪ ሳይሠራም ሳይሸጥም እንደ ተቀመጠ ኃይሉን ይጨርሳል። በሰኔ ደኅና የነበረው በመስከረም ሲሸጥ ሞተር ማስነሣት ያቅተዋል፤ ገዢውም መልሶ ያመጣዋል። በዚህ ጊዜ ነጋዴው ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የደንበኛውንም እምነት ያጣል።

ለዚህ ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚወቀሰው ብርድ ነው። ዋናው ጠላት ግን ብርዱ ሳይሆን የኃይሉ ማለቅ ነው። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፈለሰፈው የእርሳስ ባትሪ፥ በውኃ በቀጠነ የሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ የተነከሩ የእርሳስ ሰሌዳዎች ያሉት ነው። ባለ 12 ቮልቱ 6 ክፍሎች ሲኖሩት፥ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል። ኃይሉ ሲወርድ ከአሲዱ የሚወጣው ሰልፌት በሰሌዳዎቹ ላይ ይለጠፋል። ቶሎ ከተሞላ ሰልፌቱ ወደ አሲዱ ይመለሳል፤ ሳይሞላ ብዙ ከቆየ ግን ይደድራል፥ ከዚያም በኋላ ባትሪው ቢሞላ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ጀልባዎች በበረዶ ወራት ከውኃ በሚወጡባቸው በሰሜን አገሮች፥ ባለጀልባዎች ባትሪውን ሞልተው በቀዝቃዛ ቦታ ያስቀምጡታል። የሞላ ባትሪ አሲዱ ብርቱ ስለ ሆነ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ በረዶ አይሆንም፤ ያለቀው ግን አሲዱ ወደ ውኃነት ስለሚጠጋ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሊረጋና ሣጥኑን ሊሰነጥቅ ይችላል። እንግዲህ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ በመጋዘን ያለውን የሞላ ባትሪ አይጎዳም። እንዲያውም ቅዝቃዜው ይጠቅመዋል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ባትሪ በራሱ የሚያጣው ኃይል እጥፍ ገደማ ይሆናልና። በዚህ ምክንያት ቆላ በሆነችው በሸዋ ሮቢት ያለ መጋዘን ከደብረ ብርሃኑ ይልቅ ቶሎ ቶሎ መመርመር አለበት።

ብርድ የሚጎዳው ሥራውን ነው። በዜሮ ዲግሪ ባትሪ ሞተር ለማስነሣት ካለው ጉልበት ሢሶውን ያህል ያጣል። ግማሽ የቀረው ባትሪ የገዛ ባለመኪና በታኅሣሥ ንጋት መንገድ ላይ የሚቀረው ስለዚህ ነው።

ከዚህ በላይ በተባለው መሠረት የሚከተሉትን መጠበቅ ይገባል።

1ኛ/ ባትሪው በገባበት ቀን ቮልቱን መለካት። ባትሪ በ25 ዲግሪ ሙቀት በወር ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ያህል ያጣል። በ35 ዲግሪ ሙቀት በመርከብና በጅቡቲ መጋዘን 4 ወር የቆየ እንደ ሆነ ጉድለቱ ከመቶ ከ24 እስከ 40 ሊደርስ ነው። አስመጪው አዲስ ነው ብሎ ሳይሞላ መደርደር የለበትም።

2ኛ/ የገባበትን ቀንና ቮልቱን በወረቀት ጽፎ በባትሪው ላይ መለጠፍ፤ አስቀድሞ የገባውንም አስቀድሞ መሸጥ።

3ኛ/ በየወሩ መለካት፤ ከ12.4 ቮልት በታች የወረደውን ወዲያው መሙላት። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚቀጣጠል ክፍሉ ነፋስ የሚያገኝ ይሁን፤ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ።

4ኛ/ የባትሪውን ራስ ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ። እንደ አንኮበር ያለ ጉም የሚበዛበት አገር እርጥበቱ ከአቧራ ጋር ተቀላቅሎ በሁለቱ ጫፎች መካከል የኃይል መንገድ ይሆናል። የሲሚንቶ ወለል ባትሪ ይጨርሳል የሚለው አባባል ለዛሬው የፕላስቲክ ሣጥን እውነት አይደለም፤ ሆኖም ወለሉ እርጥብ ከሆነ መደርደሪያ ይሻላል።

5ኛ/ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ የሚቆም መኪና ቢኖር፥ ባትሪውን ሞልቶ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ሽቦ መፍታት። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ሰሌዳዎቹ እንዳይራቆቱ የባትሪ ውኃ ብቻ ይጨመር፤ የቧንቧ ውኃም አሲድም አይጨመር።

6ኛ/ ለፀሐይ ኃይል መብራት የሚሸጠውን የሊቲየም ባትሪ ከእርሳሱ ጋር አለማምታታት። ሊቲየም ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ሙሉ ሳይሆን ግማሽ ያህል ሞልቶ መቆየት ይስማማዋል፤ ከዜሮ ዲግሪ በታችም መሞላት የለበትም።

ቮልት የሚለካው ቴስተር ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። በሰኔ መግቢያ መጋዘኑን አንድ ጊዜ የመረመረና በየወሩ የደገመ ነጋዴ፥ በመስከረም ገበያ ሲከፈት የሚሸጠው ባትሪ እንጂ የሚጥለው እርሳስ አይኖረውም።